ለዓረፋ የተጣራ የትምባሆ ሽቶ

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ! ግቢ ፈቲሀ፣ ግቢ እህቴ፤ በር ላይ ምን አቆመሽ? ጫማሽን ተይው፣ ሱቅ እኮ ነው። ይሄን በርጩማ ሳቢና አረፍ በይ። አይ አይ፣ ያኛው እግሩ ይነቃነቃል፣ ስንቱን ሰው ጥሎብኛል… ይሄኛው ይሻልሻል። እንዴት ነሽልኝ? ቤቱ ደህና? ሰፈሩ ደህና? ላማችሁ ወለደች ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው እንዴ? አልሐምዱሊላህ! ለዓረፋ ቅቤ ከጓዳችሁ አገኛችኋ። እኛማ ከእንሴኖ ገበያ ተሸክመው ካላመጡልን ክትፎውን በምን እንለውሰዋለን?

መንገዱንስ አየሽው? ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ከትናንት ጀምሮ አላቋረጠም። መናኸሪያው በግና ሻንጣ ብቻ ሆኗል። አስፋልቱ ከተሠራ ወዲህ የመርካቶ ልጆች ጠዋት ሱቃቸውን ዘግተው ለምሳ እዚህ ናቸው። ይሄ ባጃጅ የሚባል ነገር ደግሞ ከመጣ እግራችን ሥራ ፈታ። ድሮ ዓረፋ ሲደርስ ሰው እናቱ ዘንድ ለመድረስ ስንት ቀን በእግሩ ይሄድ ነበር! አሁን ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ… ተይው፣ የበዓል ሰሞን ነው፣ ደስ ደስ የሚለውን እናውራ።

ሽቶው ደርሶልሻል። እንደ ሁልጊዜው ለባለቤትሽ ነው አይደል? አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ባለፈው ኢድ ሰላት ላይ እሱ ሲያልፍ ሦስት ረድፍ ሰው አንገቱን አዞረ ሲሉ ሰምቻለሁ። ማሻአላህ፣ ዓይን አይግባበት። አንድ የመጨረሻ ማጥለል ብቻ ነው የቀረኝ። ይሄን ጥጥ አየሽው? በሱ ውስጥ ጠብ… ጠብ… እያለ ነው የሚወርደው። ብትቆጪውም አይፈጥንም፣ ብትጫኚው ይደፈርሳል። ብልቃጧ እስክትሞላ ትንሽ ታገሺኝ። እስከዚያ ዝም ብለን ከምንተያይ አንድ ነገር ላጫውትሽ።

አንድ ሰው አለ። አንቺ እንኳን አታውቂውም። የት ታውቂዋለሽ? ቡታጅራ ድሮ ሁሉም የሁሉንም በግ በድምፁ የሚለይባት ቡታጅራ አይደለችም፣ ሰፍታለች። ስሙን? ስሙ ምን ይሠራልሻል? ስም መጥራት ሐሜት ይሆናል፤ ደግሞ በዓረፋ ሳምንት! አላህ ይጠብቀን። እኔ ሰውየውን ላመሰግነው ነው እንጂ ላማው አይደለም።

የዚህ ሰው አፍንጫ ነው የሚገርመኝ። አላህ አንዱን በዓይን ይባርከዋል፣ አንዱን በድምፅ፤ እሱን የባረከው በአፍንጫ ነው። ገና ከአጥሩ ውጭ የቆመውን ሰው ከየት እንደመጣና ምን ሲበላ እንደዋለ አሽትቶ ይነግርሻል። እኔ በሽቶ ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ አፍንጫ አላገኘሁም። የሰንደሉን ዘይት ከሚስኩ ለመለየት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ማሽተት አለብኝ። እሱ ግን አንዴ ሳብ ካደረገ በቃው። እናቱን እንኳ ከሩቅ ነው የሚለያት… ማለቴ፣ የሚለያቸው።

እናቱ የእንሴኖ ገጠር ሴት ናቸው። ሰማንያ ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ ቢያልፍም አይገርመኝም። ጋያ ያጨሳሉ… ያጨሱ ነበር። እንግዲህ ታውቂያለሽ፣ በኛ አገር የድሮ ሴት ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿን ድራ፣ ያችን ውሃ ያላትን የቅል ማጨሻዋን ይዛ ቤቷ ጥግ ቁጭ ስትል ማን ምን ይላት ነበር? ትምባሆውን እንኳ ከሰው አይገዙም፣ ራሳቸው ናቸው የሚያበቅሉት። ከእንሰቱ ኋላ፣ ከብት በማይደርስበት። ቅጠሉ ከታች ቢጫ ማለት ሲጀምር አንድ በአንድ ይቀነጥሱታል፣ ጣሪያ ሥር ይሰቅሉታል፣ ጠውለግ ሲል ማር የተበጠበጠበት ውሃ አርከፍክፈው በኮባ ይጠቀልሉትና ያፍኑታል። እንሴኖ ገበያ ላይ የሳቸው ጥቅል ከመጣ የሌላ ሰው ትምባሆ ሳይነካ ይውላል ይባል ነበር። ልጁን ያሳደጉት በምን ይመስልሻል? በዚያችው ጥቅል። ደብተሩ ከትምባሆ ነው፣ ጫማው ከትምባሆ ነው፣ መርካቶ ሲወርድ የለበሳት ኮት ከትምባሆ ነው። ያኔ አፍንጫው ገና አልተከፈተም ነበር መሰለኝ።

ልጁ ደግሞ ወጣላቸው፣ ማሻአላህ። ከሚሌኒየሙ በኋላ እዚህ ትልቅ ቤት ሠራ። ሴራሚክ፣ የመስታወት መስኮት፣ አረንጓዴ የብረት በር… የእናንተም በር አረንጓዴ ነው እንዴ? እይ እንግዲህ! ከተማው ውስጥ ጥሩ ቀለም የሚሸጠው አንድ ሱቅ ብቻ ሲሆን ሰው እንዲህ ይመሳሰላል። ቤቱ ሲያልቅ እናቱን ከገጠር አመጣቸው። ሰው ሁሉ ልጅ ማለት እንዲህ ነው አለ፣ እኔም ብያለሁ። ጎጇቸውን አፍርሶ ወራጁንና ማገሩን እንኳ ሳይቀር ለአጥሩ አመጣው። ምንም ነገር የማያባክን ሰው ነው።

ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ መጣች። የኛም ሰፈር መጥታለች፣ ጎበዝ ልጅ ናት። ሽንት ቤት ይቆፈር፣ እጅ መታጠቢያ ይኑር፣ ቤት ውስጥ ጢስ አይታፈን፣ ከብትና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር አይደር… ይሄንን ሁሉ ያሟላ ሞዴል ቤተሰብ ይባላል። ይሄ የማወራሽ ሰው ደግሞ ሲታዘዝ ከታዘዘው በላይ የሚሠራ ነው። ላሟን ከቤቱ ጎን አስወጥቶ ጓሮ በረት ሠራላት። ቀጥሎ ጢሱን ማስወጣት ነበረበት። ጢሱ ማን ነው? እናቱ ናቸዋ! የበረቱን ግድግዳ አስቀጥሎ ለሳቸውም አንዲት ክፍል ጨመረላቸው። ላሟና እናቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ጓሮ ወጡ። ልጅቷ ስለ ላም እንጂ ስለ እናት ትንፍሽ አላለችም፣ ወላሂ እኔ ራሴ ጠይቄያታለሁ። ብቻ የምስክር ወረቀቱ ተሰጠው። በመስታወት አድርጎ ሳሎን ሰቅሎታል አሉ። ‹ሞዴል ቤተሰብ› ይላል፣ ማህተም አለው። እዚያ ወረቀት ላይ ቤተሰቡ ስንት ሰው ተብሎ እንደተጻፈ ለማወቅ ያምረኛል… አንዳንዴ እንዲሁ ያምረኛል።

ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ሲኖርም ተሞክሮ እንዲያካፍል ይጠራል። እኔ አንድ ቀን ተገኝቼ ሰምቼዋለሁ። ‹ትምባሆ ከቤቴ ጨርሶ ጠፍቷል› ሲል አጨበጨብንለት። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ? ያኔ ምን እንዳጠፋ አላወቅኩም።

ሚስቱ? አይ ሚስቱማ ንጽሕት ሴት ናት። እሷን ምን ብዬ እወቅሳለሁ? የአሮጊቷን ብርጭቆ ለብቻ አስቀምጣ በበረኪና ታጥበዋለች ይባላል። ምግባቸውን ስታቀብል በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ትይዛለች። ታዲያ ምን ታድርግ? የሰው ሆድ ዕቃ እኩል አይደለም፤ አንዷ እናት ስትሸታት ያቅለሸልሻታል፣ ሌላዋ እናቷን ስታጣ። ደግሞ የራሷ እናት ከወልቂጤ ሲመጡ ሳሎን ነው የሚያድሩት ይባላል፤ ይሄ ደግሞ ጥሩ ነው፣ እናት ማክበሯን ያሳያል። ምነው ተቁነጠነጥሽ? በርጩማው ቆረቆረሽ እንዴ? ጨርቅ ላድርግልሽ?

ብልቃጧ ገና ግማሽ ናት። አየሽ፣ ጥሩ ነገር አይቸኩልም።

የዛሬ ዓመት ዓረፋ ሲመጣ ምን ሆነ? ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ሊመጡበት ሆነ። የልማት ማህበሩ ሰዎች፣ የመርካቶ ሀብታሞች። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ሚስትና ልጆቻቸውን መኪና ጭነው፣ በግ ገዝተው፣ ወደ እናታቸው ሲገሰግሱ መንገድ ላይ ሻይ የሚጠጡት እሱ ቤት ነው። እሱ ደግሞ ሰው አክባሪ ነው። በዋዜማው እናቱን፣ ‹እማ፣ እንሴኖ ዘመዶችሽን ጠይቂ፣ ናፍቀውሻል› አላቸው። በባጃጅ መናኸሪያ ድረስ ሸኛቸው። ሚኒባሱ እስኪሞላ እንኳ አልቆመም፣ ግን ሸኝቷል። መቼም ያን ቀን በጉራጌ አገር ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሰው ሁሉ ወደ እናቱ ነበር የሚጓዘው። ከልጅ ቤት ወጥታ የምትጓዝ አንዲት እናት ብቻ ነበረች፤ እሳቸው።

እኔ ከመርካቶ የተላከልኝን ሰንደልና ባዶ ብልቃጥ ልቀበል ሄጄ ነው ያገኘኋቸው። ትምባሆአቸውን ጠቅልለው እላዩ ላይ ቁጭ ብለዋል። ሰው እየገፋቸው ያልፋል። ‹እማማ፣ የት ነው የሚሄዱት?› አልኳቸው። ‹እንሴኖ› አሉኝ። ‹ማን ቤት?› አልኳቸው። ‹ቤቴማ ፈርሷል፣ እንጨቱ ልጄ አጥር ላይ ነው› አሉኝ። ሳቁ ደግሞ። ‹ልጄ ሥራ በዝቶበት ረስቶት ነው እንጂ ቤት እንደሌለኝ ቢያስታውስ አይልከኝም ነበር› አሉኝ። ወላሂ ፈቲሀ፣ እኔ በቀላሉ የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ከበጎቹ መሀል ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ እጃቸውን ይዤ ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። ይኸው ዓመታቸው ነው። እዚሁ ናቸው፣ ከዚህ መጋረጃ ኋላ… ኧረ ምን አስደነገጠሽ? አሮጊት ናቸው እኮ፣ አይናከሱም። ቁጭ በይ፣ ጥጡ ይነቃነቅብኛል።

አሁን ወደ ሽቶው ልምጣልሽ፣ ያንቺ ጉዳይ እሱ ነዋ። ያን ጥቅል ትምባሆ የት ላስቀምጠው? ጋያውን ጓሮ ወጥተው ነው የሚያጨሱት፣ ጥቅሉ ግን እርጥበት አይወድም ስላሉኝ ከሰንደሌ ጋር ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። በሁለተኛው ሳምንት ሳጥኑን ብከፍት… እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሰው ትምባሆ ሲባል የሚታየው ጢሱ ነው። ያልተጨሰው፣ በደንብ የታፈነው ቅጠል ግን ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ማር ማር ይልሻል፣ ቀጥሎ የደረቀ ሣር፣ ከዚያ ዘቢብ፣ ከሥር ደግሞ አዲስ ቆዳ። ከሰንደሉ ጋር ሲገናኝማ አንዱ ሌላውን ያዘው። ሰንደሉ ብቻውን ቢሆን ከሰዓት በኋላ ጠፍቶ የሚያድረው፣ ከትምባሆው ጋር በማግስቱም ከልብስ አይለቅም። ዑመይር የሚባለው፣ ከመርካቶ ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰውዬ፣ አሽትቶት ‹ሃሊማ፣ ይሄንን ማን አስተማረሽ? በውጭ አገር ለወንድ የሚሠራው ውድ ሽቶ ውስጥ ትምባሆ ይገባበታል እኮ› አለኝ። ማን ያስተምረኛል? መናኸሪያ ወድቆ ያገኘሁት እኮ ነው።

ከዚያ አሮጊቷና እኔ ሥራ ጀመርን። ቅጠሉን እሳቸው ይመርጣሉ። ‹ቢጫውን እንጂ አረንጓዴውን አትንኪ፣ ይቆጠቁጣል› ይሉኛል። ሰሊጥ ዘይት ውስጥ እንዘፈዝፈዋለን፣ አርባ ቀን ፀሐይ ላይ ይሰነብታል፣ በጥጥ እናጠልለዋለን። ለአንዲት ብልቃጥ ሰንደል ጥቂት ጠብታ ይበቃል፣ ከበዛ ራስ ያዞራል። ስለዚህ እህቴ፣ ይሄ አሁን ጠብ ጠብ የሚለው… አዎ፣ ይኸው ራሱ ነው። ምነው? ባለቤትሽ ትምባሆ አይወድም እንዴ? ኧረ ሲወደው ነው የኖረው! ይሄ አምስተኛው ብልቃጥ አይደለም እንዴ? ዝም ብለሽ ስጪው። ያ የነገርኩሽ ሰውም የዚሁ ሽቶ ደንበኛ ነው፤ እንዲህ ጥሩ ነገር ሲሆን ሰው ይገጣጠማል።

ያ ሰው ሊገዛ የመጣበትን የመጀመሪያ ቀን መቼም አልረሳውም። መጣ፣ ብልቃጥ ሁሉ እየከፈተ ‹ይሄ ቀላል ነው፣ ይሄ የሴት ነው› አለ። በመጨረሻ ይሄን እጁ ላይ አንድ ጠብታ አደረግኩለት። ሳብ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ ያ ኩራቱ ሁሉ ጠፋ፣ የሰባት ዓመት ልጅ መሰለኝ። አሁን ያውቃቸዋል፣ አሁን ‹እማ!› ብሎ ይጣራል ብዬ መጋረጃውን ልገልጥለት እጄን ዘረጋሁ። ዓይኑን ገለጠና ‹ይሄ የዱባይ ነው!› አለኝ። እኔ ዱባይ አላልኩም፣ በአላህ፣ አላልኩም። ‹ከሩቅ አይደለም› ነው ያልኩት። እሱ ግን ሳቀብኝ። አፍንጫው የት እንደሚያደርሰው አየሽ? ከእናቱ መጋረጃ አንድ ክንድ ላይ ቆሞ ዱባይ ደረሰ።

አርብ አርብ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አሮጊቷ ከሱቁ ደጃፍ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ወደ መስጊድ የሚሄደው ሰው በዚያ ነው የሚያልፈው። እሱም ያልፋል። እንዳያያቸው ዓይኑን ማዶ ያደርጋል፣ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው አልኩሽ አይደል? አጠገባቸው ሲደርስ ከኪሱ መሐረብ ያወጣል። ነጭ መሐረብ፣ በዚሁ ሽቶ የራሰ። የእናቱን ትምባሆ እንዳያሸት በእናቱ ትምባሆ አፍንጫውን ይይዛል። ይሄንን ሳይ እኔ መሳቅ ይሁን መርገም የሚሻለኝ አላውቅም። አሮጊቷ ዓይናቸው ደክሟል፣ አፍንጫቸውም ከትምባሆአቸው በቀር ሰንደልም ሌላም አይለይም። ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ሃሊማ፣ ልጄ አለፈ መሰለኝ። እኔን እኔን ይሸታል። ተደብቆ ያጨስ ጀመር እንዴ? እባክሽ ምከሪልኝ፣ ለሳንባው አይበጀውም።› ለሳንባው ይጨነቁለታል! እኔ ምን ልበላቸው? ‹እሺ እመክረዋለሁ› እላለሁ።

ቆይ አንዴ ፈቲሀ፣ ጓዳ እየጠሩኝ ነው። አቤት እማማ! መጣሁ… ብልቃጧን እንዳትነኪብኝ።

…ይቅርታ፣ አስቀመጥኩሽ። ምንም አይደለም፣ አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ነው። ላንቺ ምኑን ልደብቅሽ? እኒህ ሴትዮ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው ጋያ ካቆሙ። በሰማንያ ዓመታቸው! ማንም አላዘዛቸውም። አንድ ጠዋት ያችን ቅል ይዘው መጡና ‹ስበሪልኝ› አሉኝ። ‹ምነው እማማ?› ስላቸው፣ ‹ዓረፋ እየደረሰ ነው፣ ልጄ ሊወስደኝ ይመጣል፣ ሽታው እስኪለቀኝ ጊዜ ይፈልጋል› አሉኝ። ምግብ አልበላ ብሏቸው ከሱ፣ ሌሊቱን ሲገላበጡ ነው የሚያድሩት። ከትናንት ወዲያ ሁለት ጊዜ ገላቸውን አጥቤያቸዋለሁ፣ ነጠላቸውን ሦስት ጊዜ። ‹አሽቺኝ እስቲ፣ አሁንስ እሸታለሁ?› ይሉኛል። ትምባሆ ሲመርጡ እንኳ እጃቸው ላይ ላስቲክ ያስራሉ። ጓዛቸውን ከትናንት ጀምሮ ጠቅልለው እላዩ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱን ሻሽ ለልጅ ልጃቸው ብለው ገዝተዋል… ደግሞ ተነሽ? ቁጭ በይ እንጂ፣ አልጨረስኩም።

ቅድም የጠሩኝ ለምን መሰለሽ? ድምፅሽን ሰምተው ነው። ስትገቢ ሰላም ስትዪኝ። ‹ሃሊማ፣ መጡ እንዴ? የልጄ ሚስት ድምፅ መሰለኝ› አሉኝ። ተነስተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር። ሰው በበር ቀለም እንደሚመሳሰል በድምፅም ይመሳሰላል መቼም። እኔ ምን እላቸዋለሁ? ‹አይ እማማ፣ ሽቶ ልትገዛ የመጣች ሰው ናት› አልኳቸው። ዋሸሁ እንዴ ፈቲሀ? ንገሪኝ እስቲ፣ ለሌላ ነገር የመጣሽ ከሆነ ገብቼ ‹ተሳስቻለሁ› እላቸዋለሁ። ሁለት እርምጃ እኮ ነው፣ መጋረጃው ደግሞ በጣት ነው የሚገለጠው…

…

እሺ። ገባኝ። እንግዳ አለባችሁ፣ ቤቱ ሞልቷል፣ አዎ፣ ማን አጥቶት ነው?

በይ ብልቃጧም ሞላች። ክዳኗን ጥብቅ አድርጌዋለሁ፣ በጋዜጣ ልጠቅልልሽ። ይሄን የቀባ ሰው ሰላት ላይ ሲሰግድ፣ እንግዳ ሲቀበል፣ በግ ሲያርድ፣ ቀኑን ሙሉ አብሮት ይውላል። እናት እንደሱ ናት፣ ብታጥቢያትም አትለቅም… ስለ ሽቶው ነው የማወራሽ። ከየት መጣ ካለሽ ዱባይ ነው በይው፣ በዓሉን ለምን ታበላሺበታለሽ? ያመጣሽው ባጃጅ ደግሞ በር ላይ እየጠበቀሽ ነው። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይይዛል፣ አይደል? አንቺ አንድ፣ ሌላ ሰው ቢኖር ሁለት፣ አንድ ጥቅል ዕቃ… አይ፣ እንዲሁ ነው። ስለ ባጃጅ ነው።

ኧረ ዱዓ ሳላደርግልሽ የት ትሄጃለሽ? ከእጄ ሽቶ ይዞ ያለ ዱዓ የወጣ ሰው የለም፤ እጅሽን ዘርጊ። አላህ ዓረፋውን የደስታ ያድርግልሽ። ቤትሽን በእንግዳ ይሙላው። ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ሰማንያውን አልፈሽ ዘጠናውን እዪ። ያን አንድ ወንድ ልጅሽን ክፉ አይንካብሽ፤ ይደግልሽ፣ ይማርልሽ፣ ይክበርልሽ፣ ከአባቱ ቤት የበለጠ ቤት ይሥራ። ጎበዝ ሚስት ያግባ፣ ንጽሕት፣ እንዳንቺ ያለችዋን። ከዚያ ዓይንሽ ሲደክም፣ ጉልበትሽ ሲከዳሽ፣ ያ የነገርኩሽ ሰው ለእናቱ የሆነላቸውን ሁሉ፣ አንዲት ሳትጎድል፣ ልጅሽም ላንቺ ይሁንልሽ… አሜን በይ እንጂ ፈቲሀ።